ኒክልባክ በአምባሰል አገር

እስቲ ዛሬ ከፈተናውም፣ ከደመወዙም፣ ከኑሮ ውድነቱም ወጣ ብለን ስለ ሙዚቃ እናውራ። ስለ ጥሩ ሙዚቃ ግን አይደለም። ስለ ጥሩ ሙዚቃማ የሚያወራ ሞልቷል። እኔ የማወራው ሰው ሲመጣ ድምፁን ቀነስ ስለምናደርገው፣ ሰውየው ሲሄድ ደግሞ መልሰን ስለምንለቀው ሙዚቃ ነው።

ፈረንጆቹ ለዚህ ነገር የራሱ ስም አላቸው። ቃል በቃል ብንተረጉመው አማርኛው አይጥምም፤ «እያፈሩ የሚወዱት» ብንለው ይቀርባል። የኔ እያፈሩ የሚወዱት ሮክ ነው። ሮክ ስላችሁ ያ የተከበረው፣ የነፒንክ ፍሎይድና የነሌድ ዜፕሊን እንዳይመስላችሁ። እሱን ብሰማ ምን ያሳፍራል? እኔ የምላችሁ እ.ኤ.አ. በ2000 ግድም የገነኑትን ነው፤ ክሪድ፣ ሊንኪን ፓርክ፣ ኢቫነሰንስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኒክልባክ።

ስማቸውን የምታውቁ አሁኑኑ ስቃችሁ ጨርሱ፣ እጠብቃለሁ። የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ «ቲቸር? በዚያ ቡናማ ኮቱ?» ስትሉ ይሰማኛል። አዎ። በዚያ ቡናማ ኮቴ።

ነገሩ የጀመረው 1996 እና 97 ላይ ነው። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ያደግኩትም ከፒያሳ ብዙ ሳይርቅ ነው። ሮክ የገባው በሬዲዮ ነው የሚል ሰው ካለ ለሱ ከተማ እውነት ሊሆን ይችላል። እኛ ሰፈር የገባው በሬስሊንግ ነው። ቪዲዮ ቤት ነበረች፤ በሩ ላይ ጨርቅ የተጋረደባት፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረባት፣ ቀን የህንድ ፊልም ማታ አክሽን የምታሳይ። ቅዳሜ ሬስሊንግ ነው። ቅዳሜ ከሆነ ቀድሞ ያልገባ ቆሞ ነው የሚያየው። እኔን ከትግሉ ይልቅ የያዘኝ አገባባቸው ነበር። መብራቱ ይጠፋል፣ ጊታሩ ይጮሃል፣ ጭስ ይነሳል፣ ሰውየው ብቅ ይላል። ባቲስታ የራሱ ዘፈን አለው፣ ትሪፕል ኤችም የራሱ አለው። ኤጅ የሚባለው ፀጉረ ረጅሙ ደግሞ ከ1997 ጀምሮ ሲገባ የነበረው «ሜታሊንገስ» በሚባል የአልተር ብሪጅ ዘፈን ነው። (አልተር ብሪጅ ማለት ክሪድ ሲበተን ከዘፋኙ በስተቀር የቀሩት ልጆች ሌላ ዘፋኝ ይዘው እ.ኤ.አ. በ2004 ያቋቋሙት ባንድ ነው። ይሄን ያወቅኩት አሁን በቅርቡ ነው። ለካ ሳናውቀው ከአንድ ምንጭ ነበር ስንቀዳ የኖርነው።)

አንድ ጓደኛ ነበረኝ፣ አሁንም አለኝ፣ በኤጅ ያበደ። ፀጉሩን ማሳደግ ባይፈቀድለትም አረማመዱን ቀዳው። ሰፈሩ «ኤጅ» አለው፣ ስሙ ሆኖ ቀረ። እናቱ እንኳ ዛሬም «ኤጅዬ» ነው የሚሉት። እኔም እዚህ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ዘፈኖቹን ከትግሉ ለይቶ ማግኘት ሌላ ስራ ነበር። ኢንተርኔት ቤት የሚሰራ አንድ ልጅ ሌሊት ሌሊት ያወርድልናል። አንዷ ዘፈን ግማሽ ሌሊት ትፈጃለች፣ መስመሩ ከተቋረጠ ደግሞ ከዜሮ ነው። ሲሞላ ሲዲ ላይ ይጽፍልናል፣ እኛም የሳምንት የሻይ ሳንቲማችንን እናስረክባለን። ግጥሙን የምናገኘው ደግሞ በጆሯችን ነው። አንዱ ማጫወቻውን ይይዛል፣ አንዱ ይጽፋል። አቁም። መልስ። አቁም። ባለ 50 ሉክ ደብተር ነበረን፣ ሽፋኑ ላይ ቤካም ያለበት። በግራው ገጽ የሰማነውን እንግሊዝኛ፣ በቀኙ ገጽ ደግሞ ያልገባንን ቃል ድምፁን ብቻ ይዘን በሀሁ እንጽፋለን። የቀኙ ገጽ ግማሹ በየትኛውም የዓለም ቋንቋ ትርጉም የለውም። ግን እንዘፍነዋለን፣ ዓይናችንን ጨፍነን፣ የደም ስራችን እስኪገተር።

ኒክልባክ የሚለው ስም እንኳ ምን ማለት እንደሆነ አናውቅም ነበር። ባንዱ የካናዳ ነው፣ አልበርታ ውስጥ ሃና ከምትባል ትንሽ ከተማ የወጡ ልጆች። ማይክ ክሮገር፣ የዘፋኙ የቻድ ወንድም፣ ስታርባክስ ቡና ቤት ሲሰራ ለደንበኛ በየጊዜው አምስት ሳንቲም መልስ ይመልስ ነበር፤ ስሙ የመጣው ያን ሲሰጥ ከሚለው ነገር ነው። በኛ ቢሆን ባንዱ «መልስ» ነበር የሚባለው። «መልስ ባንድ»። ለሰርግ ማግስት የሚከራይ ይመስላል።

ሌላ የሚገርመኝ ነገር አለ። ትልቁን ስም ያወጣላቸው «ሲልቨር ሳይድ አፕ» የሚለው አልበም ገበያ ላይ የዋለው መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። በኛ እንቁጣጣሽ፣ በአሜሪካ ደግሞ ሕንጻዎቹ የተመቱበት ቀን። በዚያ ቀን ወጥቶ፣ ከዚያው አልበም «ሃው ዩ ሪማይንድ ሚ» የሚለው ዘፈን ዓመቱ ሳያልቅ የአሜሪካን ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ መራ።

እና ሐፍረቱ ከየት መጣ?

መጀመሪያ የመጣው ከቤት ነው። ደሴን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ኤጅ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን። የሱ ኡስታዝና የኔ የንስሐ አባት ተገናኝተው አያውቁም፣ በዚህ ጉዳይ ግን በአንድ ቃል ተስማምተዋል፤ የሰይጣን ሙዚቃ ነው። እናቴ ደግሞ ሰይጣኑን ትታ የምትጨነቀው ለዘፋኙ ነበር። «ምን አድርገውት ነው እንዲህ የሚያስጮኹት?» ትላለች። የክሪድን «ዊዝ አርምስ ዋይድ ኦፕን» መንፈሳዊ መዝሙር ነው ብዬ ላሳምናት ሞክሬ ነበር፤ እኔ ራሴም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። አዳምጣ አዳምጣ «መዝሙር ከሆነ ምነው ጭብጨባ የለው?» አለችኝ።

ሁለተኛው ከክፍል ነው። ጎበዝ የሚባሉት ልጆች ቱፓክና ፊፍቲ ሴንት ነበር የሚሰሙት። በ1997 ደግሞ ቴዲ አፍሮ «ያስተሰርያል»ን አወጣና አገሩ ሁሉ እሱን ሲሰማ እኛ ጥግ ይዘን በአንድ ኢርፎን፣ እሱ በግራ እኔ በቀኝ፣ ስለማናውቃት ካናዳ እንጮሃለን። አንድ የአማርኛ መምህራችን ይዘውን «በአምባሰል አገር ተወልዳችሁ፣ በነማሪቱ ለገሰ አገር፣ ይኼን?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ትክክል ናቸው እኮ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ ቦታ ስም ነው። እኛ ከባቲ ገበያ የአንድ ሰዓት ምናምን መንገድ ርቀን ቁጭ ብለን የአልበርታን ሙዚቃ እንሰማለን።

ሦስተኛው ሐፍረት ብዙ ዓመት ዘግይቶ በኢንተርኔት መጣ፣ እሱ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ፌስቡክ የከፈትኩ ሰሞን ኒክልባክን ብፈልግ የዓለም መሳቂያ መሆናቸውን አየሁ። በ2002 ዓ.ም. አንድ ሰው በኮምጣጤ የተቀመጠ ኪያር ፎቶ አድርጎ «ይሄ ኪያር ከኒክልባክ የበለጠ ተከታይ ያገኝ ይሆን?» የሚል ገጽ ከፈተ። ኪያሩ አሸነፈ። በ2004 ደግሞ ዲትሮይት ላይ በትልቅ የእግር ኳስ ጨዋታ (የነሱን እግር ኳስ ማለቴ ነው) እረፍት ላይ እንዳይዘፍኑ ከ50 ሺህ ሰው በላይ ፊርማ አሰባሰበ። እነሱ ግን ዘፈኑ። እኔ እዚህ ሆኜ «እነዚህ ሰዎች ምን በደሏቸው?» አልኩ። የሰይጣን ሙዚቃ ተብሎ ሲነቀፍ ቢያንስ ትንሽ ኩራት ነበረው። የኪያር መጫወቻ መሆን ግን ምን ዓይነት ኩራት አለው?

በዚያ ላይ እኔ መምህር ሆኛለሁ። 10ኛ ክፍል ጨርሼ መሰናዶ አልገባሁም፣ 10+3 ነው የተማርኩት፤ በ2001 በዲፕሎማ ወጥቼ ገጠር ተመደብኩ፣ ከዓመታት በኋላ ነው የመምህር እጥረት ስለነበረ እንግሊዝኛ እንዳስተምር ወደ 9ኛ ክፍል የተሳብኩት። ዲግሪ ካላቸው ጋር አንድ ስታፍ ሩም ስትቀመጥ እንዴት እንደሚያደርግህ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው ስለ መጽሐፍ ሲያወራ እየሰማህ፣ ሙዚቃ ሲነሳ «ሙላቱ አስታጥቄ» ብለህ ዝም። ሙላቱን አልወደውም ማለቴ አይደለም፣ እወደዋለሁ። ግን ሙላቱን ብቻዬን ሆኜ ጮኬበት አላውቅም።

ኤጅስ? ኤጅ በ2004 ሄደ። ሬስለሩ ኤጅ አንገቱን ታሞ በቃኝ ባለ በዓመቱ የኛው ኤጅ በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕሩን በጀልባ ተሻግሮ፣ በየመን በኩል ሳዑዲ ገባ። የኛ አካባቢ ልጅ መንገዱን ያውቀዋል፣ አልዘረዝረውም። በ2006 ብዙ ሺህ ሰው ሲመለስ እሱም ተመለሰ። አራት ወር ተቀመጠ። ፒያሳ ቁጭ ብለን ሻይ እንጠጣለን፣ ስለ ሙዚቃ አናወራም፣ ስለ መንገዱም አናወራም። አንድ ቀን ኖኪያ ኤክስፕረስ ሚዩዚኩን አውጥቶ «መንገድ ላይ ይወስዱብኛል፣ አንተ ጋ ይቀመጥ» አለኝ። በሁለተኛው ቀን የለም። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት፣ እዚያው ቀረ።

ያ ስልክ ከመሳቢያው የወጣው በ2014 ነው። በጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ከተማችን ገባ። መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም። እናቴ መሄድ ስለማትችል እኔም አልወጣሁም፣ ባለቤቴና ልጄ ቀድመው ወደ ደብረ ብርሃን ሄደዋል። ያን አንድ ወር ከሳምንት እዚህ አልጽፈውም። የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ያውቀዋል፣ ያላየው ደግሞ በፌስቡክ አይገባውም። ስለ ስልኩ ብቻ ልናገር። ጥሩውን ስልኬን ጣሪያ ስር ደብቄዋለሁ። አሮጌውን ኖኪያ ማንም አይፈልገውም። ባትሪው ከትንሿ የእናቴ ሬዲዮ ባትሪ ጋር አንድ ነው፣ ጎረቤታችን ደግሞ የሶላር መብራት አላቸው። ቻርጅ ሆነ። ሜሞሪው ውስጥ ዘጠና ስንት ዘፈን አለ። ሁሉም የኛ፤ ከነስህተት ስማቸው፣ ከነተቆረጠ መጨረሻቸው።

ማታ ማታ አንዱን ኢርፎን አንድ ጆሮዬ ውስጥ ብቻ አስገባለሁ። አንዱን ጆሮዬን ለሙዚቃው፣ አንዱን ለውጪው ሰጥቼ እተኛለሁ።

ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋቸው ብል ማጋነን አይሆንም። በ16 ዓመቴ የሰማሁት ድምፁን ነው። በ32 ዓመቴ፣ ከ10 ዓመት በላይ እንግሊዝኛ ካስተማርኩ በኋላ፣ ቃሉ ገባኝ። አንዳንዱ አሳቀኝ። «ሃው ዩ ሪማይንድ ሚ»ን ስንቱ የክፍላችን ልጅ ለሴት ልጅ ደብዳቤ ላይ ጽፎ ሰጥቷል፣ የፍቅር ዘፈን መስሎት! ለካ የጭቅጭቅ ዘፈን ነው፣ ሁለት የተሰለቻቹ ሰዎች። የሰጠናቸው ሴቶች እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ነው የዳንነው፣ ወይም ስለሚችሉ ነው ያልመለሱልን። የክሪዱ «መዝሙር» ደግሞ አባት ሊሆን እንደሆነ የሰማ ሰው ዘፈን ሆኖ ተገኘ። ልጄ ደብረ ብርሃን ናት፣ በሕይወት መኖሬን አታውቅም፣ እኔ እዚህ እሱን እሰማለሁ። እሱን ዘፈን አንድ ማታ ብቻ ነው የሰማሁት፣ ከዚያ አለፍኩት።

ሁሉም ጥሩ ነው አልልም። ኒክልባክ ስለ ሴት የሚያወሩበት ዘፈን ብዙው ባለጌ ነው። የሴት ልጅ አባት ሆኜ ስሰማው ጣቴ ራሱ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። «ሮክስታር» የሚለው ያኔም አልገባኝም፣ አሁን ገብቶኝም አልወደድኩትም። ግን «ፎቶግራፍ» አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው አልበማቸው ላይ ያለ። ሰውየው የድሮ ፎቶ እያየ ያደገባትን ከተማ፣ የተማረበትን ትምህርት ቤት፣ ያለፈውን ልጅነቱን ያነሳል። ኢንተርኔቱ ከሁሉ በላይ የቀለደበት እሱን ነው። በጨለማው ቤት ተኝቼ ስሰማው «እንዴ!» አልኩ። ይሄ ሰውዬ እኮ ትዝታ ነው የሚዘፍነው!

የሚነቀፉበትን ነገር አስቡት። አንድ፣ ያላዝናሉ ይባላሉ። ሁለት፣ ሁሉም ዘፈናቸው አንድ ነው ይባላል፤ እንዲያውም አንድ ሰው «ሃው ዩ ሪማይንድ ሚ»ንና «ሰምዴይ»ን አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ጆሮ ለቆ እኩል እንደሚሄዱ አሳይቷል። እዚያ ይሄ ትልቅ ውርደት ነው። እኛ ጋ ግን ስንት ዘፋኝ ነው ያንኑ የትዝታ ዜማ፣ ያንኑ፣ እየተቀባበለ ሲዘፍን የኖረው? «ይሄማ ያለፈው ሰውዬ ከዘፈነው ጋር አንድ ነው» ብሎ የከሰሰ አለ? የምንጠብቀው አዲስ ዜማ አይደለም፣ ይሄኛው ሰው በዚያው ዜማ የራሱን ምን ይላል ብለን ነው። ያለፈውን አንስቶ በአደባባይ ማንጎራጎር ደግሞ እኛ ጋ ወግ እንጂ ነውር ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ ያ የአማርኛ መምህራችን ዛሬ ቢጠይቁኝ መልስ አለኝ። ጋሽዬ፣ ጆሯችንን እርስዎና አምባሰል ናችሁ ያዘጋጃችሁት። ከሮክ ውስጥ ፈልገን ያገኘነው ትዝታውን ነው፤ ጊታሩ ስለሚጮህ እኛም አላወቅንም ነበር። (ጊታሩን ከኛ ዜማ ጋር አውቆ ያጋጠመ ባንድ ሳይመጣ ቀርቶ አይደለም። ጃኖ ባንድ ገና በመጀመሪያ አልበሙ፣ በ«ኤርታሌ»፣ አድርጎታል። እሱ ሲወጣ ግን እኔ ኮት ለብሼ ነበር።)

ወደ ሊንኪን ፓርክ ልምጣ፣ እሱ ቀልድ አይደለም።

ቼስተር ቤኒንግተን ሐምሌ 13 ቀን 2009 ዓ.ም. ራሱን አጠፋ። 41 ዓመቱ ነበር። ልጅ ሆኖ የደረሰበትን በደል፣ የሱሱን ነገር፣ ጭንቀቱን ራሱ በየቃለ መጠይቁ ይናገር ነበር። እኛ በ16 ዓመታችን ያን ሁሉ ቃል፣ የተጨነቀ ሰው ቃል፣ በደስታ ነበር የምንጮኸው። ግን አንድ ነገር ሰርቶልናል። ወንድ ልጅ እኛ ሰፈር «ከፍቶኛል» አይልም። «ከፍቶኛል» ብትል «አብሽር» ተብሎ ይታለፋል። እኔና ኤጅ «ዛሬ ሊንኪን ፓርክ ነኝ» እንባባል ነበር። አባቱ ሲሞት እንደዚያ ነው ያለኝ። የ10ኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ እኔ እንደዚያ ነው ያልኩት። ያን ያለ ሰው አይጠየቅም፣ አይመከርም። አጠገቡ ትቀመጣለህ፣ አንዱን ኢርፎን ትሰጠዋለህ።

ጥቅምት 11 ቀን 2014፣ ከተማችን ሊዘጋ አስር ቀን ሲቀረው፣ ሬስለሩ ኤጅ ሪያድ ላይ ተጋጥሞ ነበር፣ ከሴት ሮሊንስ ጋር፣ ብረት ቤት ውስጥ። ከዚያ ሁሉ የአንገት ሕመም በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ተመልሶ ነው። የኛ ኤጅ ሪያድ ዳር የአንድ ሀብታም የእረፍት ቤት ጠባቂ ነው። በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ኢቃማ የለውም፣ ስለዚህ መሄድ የሚባል ነገር የለም። ሬስለሩ በዚያው በሜታሊንገስ ሲገባ በስልኩ ነው ያየው። በማግስቱ ደውሎ «ነፋሱ በዚህ በኩል ቢሆን እኮ ጩኸቱን እሰማው ነበር» አለኝ። ሳቅን። ከዚያ በኋላ መስመር ጠፋ።

ህዳር አልቆ ኔትወርክ ሲመለስ ስልኬን ከጣሪያው አውርጄ ከፈትኩት። ኢሞው መንቀጥቀጡን አላቆም አለ። ከኤጅ ብቻ ሰባ ምናምን መልእክት። ብዙው «አለህ?» ነው። በመሃል በመሃል ዘፈን ይልካል፣ ምንም ሳይጽፍ። ወደ መጨረሻው ላይ አንድ የድምፅ መልእክት አለ፣ አራት ሰከንድ። «ሊንኪን ፓርክ ነኝ፣ ወንድሜ።»

ከዚያ ወዲህ ኢርፎን አልጠቀምም። ማለቴ ቤቴ ውስጥ። እንጀራ ሲጋገር፣ ፈተና ሲታረም፣ በስፒከር ነው። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፣ የኢቫነሰንስን ፒያኖ በአፏ ትጫወተዋለች። እናቴ አሁንም «ምን አድርገውት ነው?» ትላለች፣ አሁን ግን መልሱን አውቀዋለሁና እነግራታለሁ። ታዳምጠኛለች። የቼስተርን ስነግራት ከንፈሯን መጠጠችና «እናቱስ?» አለች።

ክፍል ውስጥም አስገብቼዋለሁ፣ በስራ ሰበብ። እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ታውቁታላችሁ፣ «ሪሜምበር» እና «ሪማይንድ» የሚባሉትን ልጆቹ አይለዩም። አይፈረድባቸውም። አማርኛችን ለሁለቱም «አስታወሰ» ነው የሚለው። «ታስታውሰኛለህ» ብላችሁ ብቻ ተውትና ሁለት ትርጉም አለው፤ አልረሳኸኝም ማለትም ይሆናል፣ እንዳልረሳ ታደርገኛለህ ማለትም ይሆናል። በማስተማር ኑሮዬ ያን ልዩነት ተማሪ የማይረሳው በምን ሳስረዳ ነው ብትሉኝ፣ በኒክልባክ ርዕስ ነው። ርዕሱን ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፣ ማን ነው የሚያስታውሰው፣ ማን ነው የሚያስታውሰውን ሰው የሚያስታውሰው፣ እያልን እንለያለን። ግጥሙን አላስተምርም፤ ዳይሬክተሩ ይህን ካነበቡ ይወቁልኝ።

ባለፈው ዓመት አንዷ ተማሪ ከክፍል በኋላ መጥታ «ቲቸር፣ ሮክ ከወደዱ አንድ አዲስ ባንድ አለ፣ ይስሙት» አለችኝ። ስልኳን ሰጠችኝ። ሊንኪን ፓርክ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤሚሊ አርምስትሮንግ የምትባል ዘፋኝ ይዘው ተመልሰዋል፤ ልጅቷ በሷ ነው የምታውቃቸው። ዕድሜዬን ልነግራት አልፈለግኩም፣ «ጥሩ ናቸው» ብቻ አልኳት። እየሄደች ዞር ብላ «ትንሽ ያስጨንቃል ግን ቀለል ይላል፣ አይደል?» አለችኝ። ተመልሳ እንድትቀመጥ ነገርኳት፣ ትንሽ አወራን። ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ትመጣለች።

አሁን የመጣሁበትን ልንገራችሁ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለአንድ ጉዳይ ነው። ያ የቤካም ደብተር በ1998፣ 10ኛ ክፍል ሆነን፣ «ለሁለት ቀን» ተብሎ ተሰጥቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጠፋ። መጨረሻ የታየው ሴቶች ልጆች ጋ ነው ይባላል፣ ሙጋድ አካባቢ። ግራው ገጽ ላይ ያለው ቆንጆ ጽሕፈት የኔ ነው። ቀኙ ገጽ ላይ ያለው፣ ወደ ግራ ያጋደለው፣ በሀሁ የተጻፈው የኤጅ ነው። ያኔ ደሴ የተማራችሁ፣ እቤታችሁ የድሮ ደብተር ያለበት ካርቶን ያላችሁ፣ እህቶቻችሁንም ጠይቁልኝ። ደብተሩን መልሱልኝ አልልም። ቀኝ ቀኙን ገጽ ብቻ ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ሪያድ የምልከው ነው።